የቦራ ዓይኖች

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአገሪቱ አዲስ ብድር ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በአንድ የሆሳዕና ትምህርት ቤት የመምህራን ክበብ ምሳ በሰላም ተበልቶ አያውቅም። ገሚሱ «ዳንን» ይላል፤ ገሚሱ «ተሸጥን» ይላል። ከሁሉም አንዱን እንኳ አስተያየቱን የጠየቀው አልነበረም።

በኅዳር ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ የሥነ ሕይወት መምህሩ ማርቆስ ከክበቡ ጀርባ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ሬሳው የተጋደመው መምህራኑን በጋሪ ከምታመላልሰው ከሐዳሳ ፈረስ ጭራ ሥር ነበር።

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ስትደርስ ቀበሌው ወስኖ ነበር፤ ፈረሱ ዐርብ ጠዋት በጥይት ይወገዳል።

«ቦራ ሰው ረግጦ አያውቅም» አለች ሐዳሳ፣ የፈረሷን አንገት እየዳበሰች። «ሁለቱ ልጆቼ የሚማሩት በሱ ነው። ዛሬ ሌላ ፈረስ በምን እገዛለሁ?»

«የጠዋቱን ይንገሩኝ፣ እትዬ ሐዳሳ።»

«መምህራኑን እንዳወረድኩ የዓይን መከለያው ተበጠሰ፤ ግራ ቀኝ እንዳያይ የምናደርግለት ቆዳ። ቦራን ከጋሪው ፈትቼ፣ ጭንቅላቱን ወደ ድርቆሹ አዙሬ ከክበቡ ጀርባ አሰርኩት። መከለያውን ይዤ ጫማ ሰፊው ረሻድ ዘንድ ሄድኩ። እሱ እንደሆነ ‹ቆይ› ይላል እንጂ አይሰፋም፤ ከምሳ በኋላ ስመለስ ሰው ተሰብስቧል።»

ፍሬሕይወት ፈረሱን በጎኑ በኩል ቀረበችው። ቦራ አንገቱን ሳያዞር በአንድ ዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ወደ ክበቡ የጓሮ በር ተመለሰች። አራት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉት፤ ሦስቱ አቧራ ለብሰዋል፣ የታችኛው ታጥቧል።

መጀመሪያ የጠራችው የጂኦግራፊ መምህሩን ይበልጣልን ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል?»

«ያልተጨቃጨቅንበት ቀን ካለ ይመዝግቡልኝ። እኔ ‹ብድሩ ባይመጣ ነዳጅና መድኃኒት ከየት?› አልኩት። እሱ ‹አበዳሪ እንደ ነብር ዓይኑ ከፊት ነው፤ ተበዳሪ እንደ ፈረስ ዙሪያውን እያየ ይታደናል› አለኝ። ስቄ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።»

«እማኝ አለዎት?»

«ስልሳ ሁለት ተማሪ።»

ሁለተኛው የኢኮኖሚክስ መምህሩ ዘርትሁን ነበር፤ የክበቡ አስታራቂ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው።

«በመስኮት አየሁት» አለ። «ማርቆስ ከግራ ጎኑ ወደ ፈረሱ ሄደ። ፈረሱ መከለያ ስላደረገ አላየውም፤ ደንግጦ ረገጠው።»

«መከለያውን አይተውታል?»

«እንዴ! እንደ ሁልጊዜው አድርጎታል።»

ከመሄዷ በፊት ማርቆስ ያስተማረበትን ክፍል አስከፈተች። ሰሌዳው አልተጠረገም። በጠመኔ የተሣለ ክብ ውስጥ ፈረስ ቆሟል፤ ክቡ ሁለት ቦታ ብቻ ተከፍቷል፣ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ጀርባ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም በክበቡ ሰበሰበቻቸው። የቀበሌው ተወካይም ነበር።

«ቁስሉ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው» አለች። «ኮቴ ጥምዝ ነው። ደግሞም ወደ ፈረስ የሚሄድ ሰው ፊቱ ወደ ፈረሱ ነው፤ የተመታው ግን ከኋላ ነው። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው የጓሮው ደረጃ ነው፤ ከአራቱ የታጠበው አንዱ ብቻ።»

ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

«ማርቆስ በዚያው ጠዋት ፈረስ የማያያቸውን ሁለት ቦታዎች አስተምሯል። ዝም ብሎ ከኋላው የሚቆም ሰው አልነበረም። ከጎን መጣ ከተባለም ቦራ ያየዋል፤ ዓይኖቹ ከጎን ናቸው፣ መከለያም አልነበረውም። መከለያው ረሻድ እጅ ነበር። መምህር ዘርትሁን፣ ያላዩትን ያዩት ለምንድን ነው? ሬሳውን ጎትተው ሲያመጡ የፈረሱ ጭንቅላት ድርቆሹ ውስጥ ነበር። ጀርባውን ብቻ አይተው፣ ፊቱን ከለመዱት ጨመሩበት።»

ዘርትሁን ከወንበሩ ተነሣ።

«በጓሮው በር ስወጣ ማርቆስ ተከትሎኝ ደረጃው ላይ ከፊቴ ቆመ» አለ። «‹አንተ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለህ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚያልፍልን?› አለኝ። ሲያሾፍ አልነበረም። እውነቱን ነው የጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ዞር በልልኝ ብዬ ገፋሁት… ከላይኛው ደረጃ ነው የወደቀው።»

«ፈረሱ ሊገደል እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። የቀበሌው ተወካይ ውሳኔው መሻሩን በጽሑፍ ሰጠ። ሐዳሳ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ መምህራኑ ዞረች።

«እንግዲህ ነገ ጠዋት እንደ ልማዳችን ላንሳችሁ?»

አንዱ ወደ መስኮቱ አየ፤ ሌላው ስልኩን አወጣ።

«እትዬ ሐዳሳ» አለ ይበልጣል በመጨረሻ፣ «እንዳልገደለ ሰምቻለሁ። ግን ከተማው ሁሉ ‹ገዳዩ ፈረስ› ይለዋል። ባለቤቴም ‹በባጃጅ ሂድ› ብላኛለች።»

«እርስዎስ፣ መምህር? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ይበልጣል የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ፍሬሕይወት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የሚጠቀስ የሕግ አንቀጽ አጣች፣ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች።

ሐዳሳ ረሻድ ሰፍቶ የመለሰላትን መከለያ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«ቦራን ወሬው ወዳልደረሰበት ወደ ፎንቆ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ» አለች።