ለአንድ ትሪ የሚበቃ ዓሣ

«ወፍራሙን!» አለች መሊካ።

«ቀጭኑን!» አለ ትንሣኤ።

ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ጀውሃ ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። ባለቤታቸው የባዮሎጂ መምህራቸው ኤፍሬም ነው፤ ወደ አገሩ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውሯል። «ሞክሯቸውና አንዱን ለራሳችሁ ውሰዱ። ዘንግ በመልኩ አይመረጥም፤ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ዓሣ እወቁ» ብሎ አስይዟቸዋል። ቀጭኑ እንደ ልምጭ ይተጣጠፋል። ወፍራሙ ጥቁርና ከባድ ነው፤ የክሩ መጠቅለያ ብቻውን የመሊካን ጡጫ ያህላል።

መሊካ የምትፈልገውን ታውቃለች። ነገ የመምህሩ መሸኛ ምሳ ነው። ክፍሉ ሥጋ በበላ ቁጥር ገበታው ለሁለት ይከፈላል፤ ክርስቲያኑ ወዲህ፣ ሙስሊሙ ወዲያ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት እሷና ትንሣኤ እንኳ ያን ጊዜ ይለያያሉ። ማንም ከማንም ተጣልቶ አይደለም፤ ወጉ ነው። ዓሣ ግን አራጅ አይፈልግም። አንድ ትልቅ ዓሣ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይወጣል፣ ሁሉም ይከበዋል። ይህ ሐሳብ ከመጣላት ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

«በቀጭኑ ትንንሽ ቀረሶ ስንለቅም ልንከርም ነው?» አለች።

«ያንን ግንድ ተሸከሚና ክንድሽ ይውለቅልሽ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» አለ ትንሣኤ። እንዲያም ሆኖ መንጠቆው ላይ ትሉን የሰካላት እሱ ነው።

መሊካ ክሩን ከሾላው ሥር ወዳለው ጥልቅ ውሃ ወረወረችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ትንሣኤ ማዛጋት ሲጀምር ክሩ ተገተረ፤ ዘንጉም ጎበጠ። መሊካ በቆመችበት እግሯ አሸዋውን እያረሰ ወደ ውሃው ተጎተተች።

«ድረስ! ወላሂ ይዞኝ ሊገባ ነው!»

ትንሣኤ ሮጦ ዘንጉን አብሯት ጨበጠ። ዓሣው ሲጎትት ክሩን ይለቁለታል፣ ሲደክም ይጠቀልላሉ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆኑ። በቀጭኑ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ገና ድሮ ለሁለት ተሰብሮ ነበር።

በመጨረሻ ውሃው ተከፈለና ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጢማም ጭንቅላት ብቅ አለ። አምባዛ! ገላው ተከትሎ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ።

«ሱብሃነላህ…» አለች መሊካ በሹክሹክታ።

ፈራች፤ ደስም አላት። በየቀኑ ሰው ልብስ የሚያጥብበት፣ ፍየል የሚያጠጣበት ውሃ ይህን የሚያህል ፍጡር ደብቆ ኖሯል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ተንበርክካ ጀርባውን ዳሰሰችው። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። ይህን ይዛ ሸዋ ሮቢት ብትገባ ባጃጁ ሁሉ ይቆምላታል።

ትንሣኤ ግን ወደ ዓሣው አልቀረበም።

«ምነው?»

«ምንም። ጉድ ነው እኮ!» አለና አንገቱን አከከ። «እናንተ ትበሉታላችሁ። እኛ ቤት ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። እማዬ ድስቷንም አታስነካው።»

መሊካ እጇን ከዓሣው ላይ አነሳች። ስለ አራጁ ስታስብ ሰንብታ ስለ ቅርፊቱ አንድም ቀን አላሰበችም።

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?»

«አምባዛ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ! ደግሞ እንዲህ ደስ ብሎሽ ሳይሽ አፌ ተያዘ።»

ዓሣው አፉን እየከፈተ ይዘጋል። መሊካ ትንንሽ ዓይኖቹን ብዙ አየቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ በእጇ እንደማይገባ ልቧ ነግሯታል። ከዚያ ጎንበስ ብላ መንጠቆውን ቀስ አድርጋ ነቀለችው።

«አንቺ! አበድሽ እንዴ?»

«ና ግፋ።»

አብረው ገፉት። አምባዛው ለአፍታ ባለበት ቆየ፤ ከዚያ ጅራቱን መታና ሁለቱንም በውሃ አርሷቸው ወደ ጥልቁ ወረደ። ሾላው ሥር ውሃው ተናውጦ ረጋ።

መሊካ ወፍራሙን ዘንግ በሻርፗ ጫፍ አደረቀችው። ክሩን ጠቅልላ ለመምህሩ እንዲመለስ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው፤ ከመዝጋቷ በፊት አንዴ በእጇ መዘነችው። ከዚያ ቀጭኑን አነሳች።

«ትሉን አቀብለኝ» አለች። «ቀረሶ ቅርፊት አለው፤ ለክፍሉ ሁሉ እንለቅማለን።»