ሰማያዊው በር

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ! ለራስሽ ነው እንዴ የምታነቢው?» አሉ የሰፈሩ የሕፃናት ጤና ማኅበር ዳይሬክተሯ፣ ከጠረጴዛቸው ሥር ካርቶን እየጎተቱ።

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የማኅበሩ ልጆች «ሮኬት» ይሏታል፤ በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ እንዳለ ለማወቅ የሕፃናትን ክንድ ለመለካት ቤት ለቤት ሲወጡ፣ የደረሷትን ቤቶች ከሁሉም ቀድማ ትጨርሳለቻ! ዛሬ ዳይሬክተሯ ጡረታ ይወጣሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ሲል፣ የሕይወት ታሪካቸውን የምታነበው እሷ ናት።

«እሺ፣ እትዬ ሣጥን።»

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ቢሮም መኪናም ሳይኖራቸው፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን አንግተው በየቤቱ ይዞሩ ነበር። ማንገቻው ግራ ትከሻቸውን አዘንብሎት ቀረ። ወጣት መሰብሰብ የጀመሩት ኋላ ነው፤ «ጥግ ይዘው ሰው ከሚለክፉ ክንድ ይለኩ» ብለው።

ልጅቷ ቀጠለች። «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ፣ ያላዩትን ሕፃን አየሁ ብለው የጻፉበት አንድ ቀን እንኳ...»

ንባቧን አቋረጠች።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከውሃ ቦኖው ጀርባ ያለውን ሰማያዊ በር ሳታንኳኳ አልፋለች። ጓደኞቿ ሜዳ ላይ ይጠብቋት ነበር። በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች፤ ቅጹ ላይ «አረንጓዴ» ብላ ሞላች፤ ደህና ነው ማለት ነው። ጠመኔ ያለበትን በር ሌላ ሰው ዞር ብሎም አያየው። ቀጣዩ ልኬት ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እዚያ ቤት ገና ድክ ድክ ያላለ ሕፃን አለ።

«ምነው ዋጥሽው?»

«ይሄ መስመር ረዘመብኝ።»

«ሰርዢው። ውሸት ነው።»

ሴትዮዋ ካርቶኑን ትተው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ዳገት ላይ አንድ ቤት ነበር። እግሬ ዛለና ታች ቆሜ ‹ደህና› ብዬ ጻፍኩ። ማን ያየኛል? በወሩ ስወጣ ልጁን አቀፍኩት፤ የድመት ያህል እንኳ አይከብድም።»

«ሞተ?»

«ተረፈ። ዛሬ ሾፌር ነው፤ ባየኝ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋልኛል። እሱ ምን ያውቃል? አንገቴን የምደፋው እኔ ነኝ። እናንተ ደግሞ መድረክ ላይ አውጥታችሁ ቅድስት ልታደርጉኝ!»

ልጅቷ ወረቀቱን አጠፈችው፣ ዘረጋችው። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ የፊቱን ወንበር ይዛለች። ሰኞ ብሄድስ? አለች በሆዷ። ማንም ሳያውቅ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ። ሰኞ ግን ሁለት ቀን ይቀረዋል። ሕፃኑ ተጎድቶ ከሆነ ሰኞን አይጠብቅም።

«እትዬ...»

«አቤት።»

«ከቦኖው ጀርባ ያለው ሰማያዊ በር... አልገባሁም። ዝም ብዬ ነው የሞላሁት።»

ሴትዮዋ አፈጠጡባት። ቁጣውን ስትጠብቅ፣ ካርቶናቸውን ፈትሸው ጠርዙ የነተበ ባለ ቀለም የክንድ መለኪያ ጥብጣብ አወጡ።

«በይ ያዢ።»

«ፕሮግራሙስ? ባልደርስስ?»

«ሕዝቡ ይቀመጣ! ወንበር ነው እንጂ እሾህ አልተነጠፈለት። ቀይ ካሳየሽ ሮጠሽ ንገሪኝ። የሕፃኑን እናት ደግሞ ይቅርታ ጠይቂ፤ ወሬ አታብዢ።»

በአዳራሹ መስኮት ስታልፍ እናቷን አየቻት፤ መድረኩን እያየች ቀሚሷን ታስተካክላለች። ልጅቷ አልገባችም።

የጠመኔው ምልክት በሩ ላይ እንዳለ ነው። በእጅጌዋ አጠፋችውና አንኳኳች።

«ማነው?» የሚል የሴት ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ባለፈው ቅዳሜ ያልመጣሁት።»