ግማሽ ላይ የቆመው መዶሻ

ቨርጂል ወዲያው አልሞተም። ሆዱን ተመትቶ ጎተራው በር ላይ ወድቆ በረዶውን በጥፍሩ እየቧጠጠ ብዙ ቆይቷል። የአደን ወር ነው፤ በዚህ ወር ሞንታና ውስጥ ተኩስ ሰምቶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም።

የሸሪፉ መርማሪ ኢንጋ ሶልበርግ ስትደርስ የሟች ወንድም ሮይ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ምን ልትመረምሪ መጣሽ? አሮጌ ጠመንጃው ከእጁ ወደቀና ባረቀበት። በቃ!»

ነገሩ የማይሆን አይደለም። ከምላጩ ስር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው እየመለሱ የሚያቀባብሉት የድሮ ጠመንጃ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ ሴፍቲ የሚባል ቁልፍ የለውም። ጥይቱን የሚመታው መዶሻ እላዩ ላይ እንደተኛ ጠመንጃው ከወደቀ ይተኩሳል።

ኢንጋ ተንበረከከች። የቨርጂል እጆች በደም ተለውሰዋል፤ ጠመንጃው ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለችም። መዶሻው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ የድሮ ተኳሾች የጎረሰ ጠመንጃ እንዳይባርቅ የሚያደርጉት ነው። ከፈተችው፤ ያልተተኮሰ ጥይት ጎርሷል። የተተኮሰውን ቀለህ ከበረዶው ውስጥ በጣቷ ቆፍራ አወጣችው።

«ሮይ፣ የባረቀ ጠመንጃ ራሱን መልሶ ያቀባብላል እንዴ?»

ሮይ ወደ ቤቱ ጣቱን ቀሰረ። «እንግዲያው ልጁ ነው። ኬሲ።»

ሸሪፉም በሬዲዮ ያለው ይህንኑ ነው፤ ኬሲን ይዘሽ ነይ። አባትና ልጅ በጠመንጃ ምርጫ መጣላታቸውን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ኬሲ ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ፣ አናቱ ላይ መነጽር፣ ጎኑ ላይ ሴፍቲ ያለው አዲስ ጠመንጃ ገዝቶ ሲመጣ፣ አባቱ ሰው ፊት «የልጅ መጫወቻ» ብሎ አሸዋ ላይ ወርውሮበታል።

«ታርቀናል!» አለ ኬሲ ከቤት ወጥቶ። «አሮጌውን ለኔ ሊሰጠኝ ነበር። ተበስቶ መነጽርና ሴፍቲ ሊገባለት፣ ሰኞ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ አብረን ልንወስደው ተስማምተን ነበር።»

ሮይ ሳቀበት። «ቨርጂል? ያንን ጠመንጃ ሊያስበሳ? የራሱን ጭንቅላት ቢያስበሳ ይቀለዋል! የሚስቱ አባት ጠመንጃ እኮ ነው።»

«አንተስ አትተኩስበትም?» አለችው ኢንጋ።

ሮይ ቀኝ እጁን አነሳላት። አውራ ጣት የለውም፤ ወይፈን በገመድ ሲይዝ ገመዱ ኮርቻው ላይ ተጠምጥሞ ቆርጦበታል። «በዚህ? እኔም እንደ ልጁ ባለ ቁልፉን ነው የምይዘው። ለወንድሜ እንዳትነግሪው እል ነበር፤ አሁንማ ሞተ።»

የሟች ሚስት ዊልማ ወጥ ቤት ድንች ትልጥ ነበር።

«ስለ እርቁ ሰምተዋል?» አለቻት ኢንጋ።

«አልሰማሁም።»

«ጠመንጃውንስ?»

«ነክቼው አላውቅም።»

ልጇ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። «እማ፣ ትናንት ራት ላይ አብረሽን ነበርሽ እኮ!» አላት። ቀና ብላም አላየችው።

ኢንጋ ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበች። ባሩድ የሌለው ጥይት አጉርሳ ጠመንጃውን አቀባበለችና፣ ከሮይ ጋር እያወራች፣ ዞር ሳትል «ያዙልኝማ» ብላ ለዊልማ አቀበለቻት።

ዊልማ ቢላዋዋን አስቀምጣ ተቀበለች። አውራ ጣቷ መዶሻው ላይ አረፈ፤ በሌላው ጣቷ ምላጩን ሳብ አደረገች፤ መዶሻውን ቀስ አድርጋ አውርዳ ግማሽ ላይ አቆመችው። ዓይኗ ድንቹ ላይ ነበር። ሁሉም እጇ ላይ ሲያፈጡ ነው እሷም ያየችው።

«ገዳዩ እንደተኮሰ መልሶ አቀባብሏል» አለች ኢንጋ። «ቨርጂል አይደለም፤ ቢነካው ደሙ ይቀር ነበር። ከዚያ መዶሻውን ግማሽ ላይ አቆመው። ኬሲ ቢሆን የሌለ ቁልፍ ሲፈልግ እንደተቀባበለ ይተወዋል። ሮይ መዶሻውን ይዞ የሚያወርድበት ጣት የለውም። ይህ በድሮው ጠመንጃ ያደገ ሰው እጅ ነው፤ ሳያስብ የሚሠራ እጅ።»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ» አለች ዊልማ። «ቨርጂል ሲያገባኝ ጠመንጃውን ቀማኝ። ሴት አትነካውም አለ። እሺ ብዬ ኖርኩ፤ ቢያንስ እንዳለ ያስቀምጠዋል ብዬ። እኔ ልንካው ብዬ ስለምነው የሳቀብኝ ሰው፣ ለዚህ ልጅ ደስ ይበለው ብሎ ሊበሳው!»

«ወድቆ ሲጣራ ሰምተውታል?»

«ስሜን ነበር የሚጠራው። ውሃ ጥጄ ነበር፤ እሱን አወረድኩ።»

ኬሲ ወደ እናቱ ተጠጋ። «እኔን ሲወስዱኝስ? ዝም ልትዪ ነበር?»

ዊልማ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ታስረህ ትወጣ ነበር።»

ኢንጋ ካቴናውን ስታወጣ ኬሲ የእናቱን ካፖርት ከመስቀያው አወረደ። ሊያለብሳት መስሏት ክንዷን ዘረጋች። እሱ በሩን ከፍቶ በረዶው ላይ ወረወረው።