የጫማ ካርቶኑ ሱቅ

የልጄ ፊት ላይ ላብ አልነበረም።

ይህን ያስተዋልኩት ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው... ያን ጊዜ ደግሞ ማስተዋሌ ለማንም አልጠቀመም።

የምጽፍላችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። እኔም ይህን ቻናል አነባለሁ፤ አንዳንዱን ታሪክ "ፈጠራ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። የእኔንም እንደዚያ ብላችሁ ብታልፉት አልቀየማችሁም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ጣቶቼ ላይ ኮላው አልደረቀም ነበር።

ቀኑ ረቡዕ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ፣ አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ግቢ።

ጅቡቲን ለማታውቁ የነሐሴን ስምንት ሰዓት ልንገራችሁ። ጫት ገብቷል። ሱቅ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ በየቤቱ ተከቷል፤ የሚተኛው ተኝቷል፣ የሚቅመው ይቅማል። መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም። አገራችን ሰው የሚፈራው እኩለ ሌሊትን ነው። እዚህ የሞተው ሰዓት ይሄ ነው።

ስሜ ትርሲት ይባላል። ያኔ ሐምዲያ የምትባል ሴት ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሐምዲያ ድሬዳዋ ያደገች የጅቡቲ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ስትቀጥረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

"ልጅ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ጎሽ። ልጅ ያላት ሠራተኛ እጇ እዚህ፣ ልቧ እዚያ ነው።"

ልጅ ግን ነበረችኝ። ሀዊ።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ጭሮ፣ አክስቷ አበሩ ዘንድ ትቻት ወጣሁ። በዚያ ነሐሴ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ በስልክ የነገርኳት ተረት አንድ ብቻ ነው።

"ሱቅ እንከፍታለን። ባንኮኒው ጋ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። በሩን ሰማያዊ እንቀባዋለን።"

"መደርደሪያውስ?" ትለኝ ነበር ትንሽ ሳለች።

"እስከ ጣሪያ!"

ኋላ ኋላ መጠየቁን ተወችው።

የሐምዲያ ልጅ ሀኪማ በዚያ ረቡዕ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነበር። "ቲሲ፣ ለልደቴ ትንሽዬ ሱቅ ሥሪልኝ" አለችኝ። ሠራሁላት።

ግድግዳው የሐምዲያ የጫማ ካርቶን ነው። ጣሪያው የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ በመቀስ ተቆርጦ በምስማር የተሸነሸነ። መደርደሪያው የአይስክሬም እንጨት... እስከ ጣሪያ። ከአሮጌ አንሶላ የአውራ ጣት የምታህል ጆንያ ሰፍቼ እውነተኛ ሩዝ ሞላሁባት። ከሳሙና ሳሙና ቆረጥኩ። ሚዛኑን ከሁለት ቆርኪና ከክር ሠራሁት፤ የውኃ መጠጫው የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው።

ሐምዲያ በአጠገቤ ስታልፍ ትስቅብኝ ነበር።

"ትርሲት፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተሻል? ቤቴ ውስጥ ሕገወጥ ሱቅ አልፈልግም፣ ወላሂ!"

እኔም እስቅ ነበር። በሩን ሰማያዊ ስቀባው ነው ሳቄ የቆመው።

ለሌላ ሰው ልጅ የሠራሁት፣ ለልጄ ቃል የገባሁላትን ሱቅ ነበር።

መቀርቀሪያውን ከፀጉር ፒን አጥፌ በሩ ላይ አሰርኩት። ከውጭ ብቻ። ሱቅ የሚቆለፈው ከውጭ ነዋ... ባለቤቱ ይቆልፍና ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ አበሩ ደውላልኝ ነበር። "ሀዊ ወጥታለች። ከልጆች ጋር ነች። በጅቡቲ አድርገው የመን ነው የሚሉት።"

እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር "መርዶ ነው" የምል ሴት ነኝ። በእነዚያ አራት ቀናት በሐሳቤ ልጄን ያልገደልኩበት መንገድ የለም። ባሕር ላይ ገደልኳት። መኪና ላይ ገደልኳት። ሰው እጅ ላይ ገደልኳት።

አንዱን ብቻ አላሰብኩትም።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው በረንዳ ላይ ተቀምጬ የትንሿን ሱቅ በር ማጠፊያ ኮላ ስቀባ፣ የውጭው የብረት በር ተንኳኳ።

ኳ ኳ... ኳ።

ሁለት፣ ቆየት ብሎ አንድ። ሀዊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታንኳኳው እንደዚህ ነበር።

ዘበኛው ጫቱን ይዞ ክፍሉ ገብቷል። ትንሿን በር በእጄ እንደያዝኩ ወደ ብረት በሩ ሄድኩ። በሩ ሙሉ ላሜራ ነው፤ በሰው ፊት ትክክል ብቻ ትንሽ መስኮት አለችው፣ በክዳን የምትዘጋ። ክዳኗን ከፈትኩ።

"እማ።"

አሥር ዓመት ያላየሁት ፊት። ከስቷል። አቧራ ለብሷል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሻሿን በቢጫ ፒን አስይዛዋለች።

"ሀዊ?"

"እኔ ነኝ። ውኃ ስጪኝ።"

"ቀስ በይ! ሰዎቹ ተኝተዋል።"

"ክፈቺልኝ።"

"በሩ ይጮኻል... ሀዊዬ፣ ልጅ እንዳለኝ አያውቁም። ያባርሩኛል። እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ፣ እዚያ ኒም ዛፍ ሥር። ውኃውን አሁን አመጣልሻለሁ።"

"እስከ አሥር?"

"ሁለት ሰዓት ነው! አሥር ዓመት ጠብቀሽ የለ?"

እንደዚህ አልኳት። በዚህ አፌ።

ከዚያ ዓይኗ እጄ ላይ ወረደ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"በር።"

"የምን በር?"

"የ... የሱቅ።"

"ሰማያዊ" አለች። በዚያ ከንፈሯ ፈገግ አለች። "የእኛ ነው?"

"አዎ" አልኳት።

"እሺ። እጠብቃለሁ።"

ክዳኗን ዘጋሁት። ቀጭ።

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ማንም አያውቀኝም። የፈራሁት ሐምዲያን ብቻ አልነበረም። ተናድጄባት ነበር። ለትምህርቷ ብዬ የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ኖሬ፣ ጥላው መጣች! ትንሽ ፀሐይ ይምታት፣ ትማርበት ብያለሁ።

ውኃ ልቀዳ ወጥ ቤት ስገባ ሀኪማ በባዶ እግሯ ቆማለች።

"ቲሲ፣ ማን ነው?"

"ማንም።"

እንቅልፍ እስኪወስዳት አጠገቧ ተጋደምኩ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ኩባያውን ይዤ፣ በሩን ቀስ ብዬ... በጣም ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ያን ቀን አልጮኸም።

ኒሙ ሥር ሰው የለም።

እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ማንም። ትመለሳለች ብዬ ኩባያውን ዛፉ ሥር አስቀመጥኩት። ማምሻውን ሳየው እንደሞላ ነው፤ ውኃው እንደ ሻይ ይፋጃል።

ሰማያዊውን በር ሱቁ ላይ ገጠምኩት። ምን ላድርግ? ልደቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ተቀይማኝ ወደ ኦቦክ ወደብ ሄደች፣ ከዚያ ጀልባ ነው፣ ስትደርስ ትደውላለች... እያልኩ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ የተቀመጠበትን የሀኪማን ክፍል ሳጸዳ፣ ከትንሿ ሰማያዊ በር ፊት ሁለት የሩዝ ፍሬ አገኘሁ። ጎን ለጎን። ጠረግኳቸው።

በሦስተኛው ቀንም ነበሩ። በአራተኛውም።

ጉንዳን ነው አልኩ። ጉንዳን ሩዝ ይሸከማል... ግን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አያስቀምጥም።

ሀኪማ ደግሞ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ውኃ እየሞላች ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ወዲያው ይደርቃል። ሙቀቱ ነው አልኩ። ለራሴ ልፈትን ብዬ ሌላ ክዳን ሞልቼ ከሱቁ ውጭ አጠገቡ አስቀመጥኩ። የውጭው እስከ ማታ ሞልቶ ዋለ። የውስጡ ከስምንት ሰዓት አላለፈም።

አንድ ቀን ሀኪማ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አፏን ትንሿ በር ላይ አድርጋ ስታንሾካሹክ ደረስኩ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከባለሱቋ።"

"ምን ትላለች?"

"ውኃ ትላለች።" ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። "ደግሞ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች..."

"ምን ብላ?"

"አሥር ሰዓት ሆነ? ብላ።"

ያን ቀን ከበሩ ላይ ሰምታን ይሆናል አልኩ። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያጣም።

በአሥራ አንደኛው ቀን የውጭው በር ተንኳኳ። አንድ ወጣት ነው፤ የስልክ ቁጥሬና አድራሻዬ የተጻፈበት ወረቀት ይዟል። የሀዊ እጅ ጽሑፍ ነው።

"የሀዊ እናት ነሽ? ከይረዲን እባላለሁ። ከጭሮ አብረን ነው የወጣነው።"

"የት ነች? ተሻገረች?"

አንገቱን ደፋ።

"እናቴ... ሾፌሩ ድንበር ላይ ጥሎን ሄደ። በእግር ነበርን። ሆልሆል ከተማ ሳንደርስ ወደቀች። ማክሰኞ ጠዋት። መጀመሪያ ላቧ ቆመ፣ ቆዳዋ እንደ ወረቀት ሆነ። መንገደኛ ያውቀዋል፣ ላብ ከቆመ ሰው አበቃለት። ግራር ሥር አስተኝተናት ውኃ ፍለጋ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ..."

"ስትመለሱ?"

"የለችም። ጫማዋ ብቻ። ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች... ሰው ቤት ሲገባ እንደሚያወልቀው።"

"ረቡዕ እዚህ መጥታ ነበር" አልኩት።

"አትችልም፣ እናቴ። ራሷን ቀና ማድረግ አልቻለችም እኮ። እንዴት ብላ? ደግሞ ባዶ እግሯን?"

እግሯን አላየሁም። በሩ ላሜራ ነው። ያየሁት ፊቷን ብቻ ነው።

ከይረዲን ሲያወራ ላቡ ከአገጩ እየወረደ በመስኮቷ ብረት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እኔም ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። በነሐሴ ስምንት ሰዓት ጅቡቲ ላይ ላብ የሌለው ሰው የለም።

እሷ ግን ደረቅ ነበረች። እንደ ወረቀት።

ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የመጣችው ነፍሷ ነች። ወይ ደግሞ ልጄ በሕይወቷ፣ ውኃዋ አልቆ፣ ደጄ ላይ ቆማ ነበር።

የመጀመሪያው እንዲሆን እጸልያለሁ። ልጇ ቀድማ የሞተች እንድትሆን የምትጸልይ እናት አይታችኋል?

በዚያው ቀን ወደ ሀኪማ ክፍል ገባሁ። ሁለቱ የሩዝ ፍሬዎች ከበሩ ፊት አሉ። ጎን ለጎን።

ጫማ ናቸው።

ተንበረከኩ። የውጭው መቀርቀሪያ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል፤ በሩ ግን ሲገፋም ሲሳብም አልከፈት አለኝ። የስልኬን መብራት በበሩ ስንጥቅ አብርቼ አየሁ።

ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ አለ። እኔ ያልሠራሁት።

ከቢጫ ፒን የታጠፈ።

ሐምዲያ ሱቁን ከቤቷ እንዳወጣው የነገረችኝ በሳምንቱ ነው። "ሀኪማ በእንቅልፏ 'አሥር ሰዓት ሆነ' እያለች ትጮኻለች። ምን አምጥተሽብኛል?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያባርሩኛል ብዬ።"

"ከፍቼላት ነበር እኮ!" ብላ ጮኸች። "ምን ነበር ያሰብሽኝ? እኔስ እናት አይደለሁም?"

ዕድሜዬን ሁሉን ስፈራ ኖሬ፣ ያን ቀን የፈራሁት የማይጮኽ በርና የማታባርር ሴት ነበር።

አሁን እዚሁ ጅቡቲ፣ ሃያብለ በሚባል ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሱቁ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ትንሿ ሰማያዊ በር ገርበብ ትላለች። ክዳኑን ውኃ ሞልቼ በሁለት ጣቴ አስገባለሁ። ጣቴን እስካወጣ ትጠብቀኛለች። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በሩ ይዘጋል።

ወደ ውስጥ እንዳይ አንድም ቀን አልፈቀደችልኝም።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ፀሐይዋ ገብታለች። ሁለቱ የሩዝ ፍሬዎች ደጃፉ ላይ ናቸው። በሩ ገና አልተቆለፈም። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ አንኳኳሁ።

ኳ ኳ... ኳ።

"ሀዊ... እማ ነኝ። ክፈቺልኝ።"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ፣ ከወለል ላይ የተነሳ ሰው የልብስ ድምፅ ሰማሁ። ባዶ እግር። አንድ እርምጃ... ሁለት... በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

ቀጭ።