በሀሩን አፍ ላይ የተገኘው ማር

ሬሳው አፉን ከፍቶ ነበር። በአፉ ማር፣ በማሩ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ስንቱን ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም።

ሟቹ ሀሩን፣ ከመቲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው፣ የአገሩ ሰው በማኅበር የሚያስከብረው ደን ጠባቂ ነበር። ማጅራቱ ተሰብሮ፣ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ተዘርግቷል።

«ማር ሊሰርቅ ወጥቶ ወደቀ፤ ሌላ ምን አለው?» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ወንዳፈረው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። «ደንቡ ደንብ ነው። ሌባ ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ ሚስቱም የጥበቃውን ቤት ትለቃለች።»

«ቤቱን ውሰዱት!» ብላ ጮኸች ሚስቱ ፍርዶስ። «ስሙን ተዉልኝ!»

ጥሩነሽ ጎንበስ ብላ ማሩን አየች። ጥርት ያለ ነው፤ ሰፈፍ የሚባል የለበትም። ሬሳውን አንድም ንብ አልነደፈውም። ደኑን ለእንግዶች የሚያስጎበኘውን ኪየርን ጠራችው።

«ሀሩን የተጣላው ሰው ነበር?»

«የለም፣ እናቴ። ብቻ ትናንት እዚያ ታች የተቆረጠ ዋንዛ አግኝቶ፣ ‹ሊቀ መንበሩ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ› ብሎኛል። ማታ ሲያፈጥር ነው የነገረኝ።»

«ሲያፈጥር?»

«ከኢድ በኋላ ስድስቱን ቀን ይጾማል እኮ። እኔ በፊቱ ውሃ መጠጣት ሳፍር ‹ጠጣ፣ አንተ ጉማሬ!› እያለ ይስቅብኛል።»

በደኑ ውስጥ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሊና ዓይኗ አብጧል። «ማፍጠሪያ ሾርባውን የምሠራለት እኔ ነበርኩ። የዛሬውን ድንች እንኳ ልጬ...»

«ለእንግዶች ማር የሚያጣራውስ ማነው?»

«እኔው ነኝ። ብልቃጡ ግን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማንም ያነሳዋል።»

ጥሩነሽ ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከላይ ንቦቹ ቀፏቸው ሳይነካ ሥራቸውን ይሠራሉ።

«ይህ ማር ከዚህ ቀፎ አልወረደም። ተጣርቷል፤ ከብልቃጡ የመጣ ነው። ጠዋት ከፍርዶስ ሌላ እዚህ የነበራችሁት እናንተ ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ። ሀሩን ደግሞ ጾመኛ ነበር። ጾሙን የሚያውቅ ሰው በቀን አፉን ማር አይቀባም። ሚስቱ ታውቃለች፤ ኪየር ያውቃል፤ ሊናም ታውቃለች።» ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረች። «እርስዎ ከኢድ በፊት ጋምቤላ ወርደው የተመለሱት ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ረመዳን አልቋል እኮ!» አሉ ወንዳፈረው።

«እንደዚያ መስሎዎት ነው የቀቡት። ዋንዛው ለማን እንደተሸጠ ሲጠይቅዎት መቱት። እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

ጉንዳኖቹ ተሰልፈው ወደ ሊቀ መንበሩ ጃኬት እጅጌ እየገቡ ነበር። ጥሩነሽ ገልበጥ አደረገችው፤ ማሩ ጠርዙ ላይ ደርቋል።

«መግደልዎ ሳያንስ፣» አለች ፊቷን እያዞረች፣ «የሬሳ አፍ በጣትዎ ከፈቱ?»

ፖሊሶቹ ወንዳፈረውን ይዘው ሲሄዱ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ፍርዶስ ከባሏ ራስጌ ተንበረከከች።

«ከሞተ በኋላ ነው የቀቡት?»

«ከሞተ በኋላ ነው፣ እህቴ።»

ጉንዳኑን አራግፋ፣ ከንፈሩን በሻሿ ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠረገችው።

«እንግዲያ ጾሙን አልፈታም» አለች።