የገጽ ሦስቱ ቃል

ሦስተኛው አውቶብስ መጥቶ ሄደ። ጋዜጣ የያዘው ሰውዬ አልተሳፈረም።

በምስጢር ስሟ መርፌ የምትባለው ሴት ከመንገዱ ማዶ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት የምታይ መሰለች። በመስተዋቱ ውስጥ ሁለተኛ ሰው አየች። እሱም አልተሳፈረም።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «ሰዓት ሠሪው» የሚሉት ምስጢር አቀባይዋ እዚህ ፌርማታ መጥቶ በድብቅ የታሰሩ ሰዎችን ስም ዝርዝር ሊያስረክባት ነበር። ከመጣ ይያዛል። ስልክ አይጠቀምም። ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነው፦ መርፌ በዘጋቢነት ተደብቃ በምትሠራበት ጋዜጣ፣ ገጽ ሦስት ላይ «የተቀዛቀዘ» የሚለውን ቃል ካየ ከተማውን ለቅቆ ይጠፋል።

ቃሉን የመረጠችው ራሷ ናት። ሰዉ ካልጮኸ፣ ከልቡም ካላጨበጨበ፣ ጋዜጠኛ ሁሉ «የተቀዛቀዘ አቀባበል» ብሎ ያልፋል። ማን ይጠረጥረዋል? ምስጢሩን የሚያውቁት እሷ፣ ሰዓት ሠሪውና የስውር ሥራዋ አለቃ «አጎት» ብቻ ናቸው።

ቢሮ ገብታ ዜናውን ጻፈች።

«ጋሼ፣ የሚኒስትሩ ንግግር።»

ዋና አዘጋጁ አነበበ። ቀዩ እስክሪብቶ «የተቀዛቀዘ» ላይ ቆመ። ሰረዘ።

«‹ሞቅ ያለ› በይው።»

«ሰዉ እኮ ሲያዛጋ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! የሚያዛጋ ሰው አፉን ከፍቷል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

መርፌ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ይህ ሰውዬ ያንን ቃል «ማንም የማይቀየምበት» እያለ በየዜናው የሚሰነቅር ነበር። አንዴ ለሠርግ ዜና ጽፎት የሙሽራዋ እናት ቢሮው ድረስ መጥታ ልኩን ነግራዋለች። ሲጨምር እንጂ ሲሰርዝ አይታው አታውቅም።

ዛሬ ሰረዘ።

ደኅንነቶቹ ነግረውታል።

ሰዓት ሠሪው ራሱን አያስበላም። የቀረው አጎት ነው።

ስልኳ ጮኸ።

«መርፌ፣ ነገ እንደተባባልነው?»

«እንደተባባልነው፣ አጎቴ።»

ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደች። አዘጋጁ የፈረመበትን ጽሑፍ ማንም አይነካም። የፎቶ መግለጫ ግን እዚያ ነው የሚጻፈው፤ በመጨረሻ ደቂቃ፣ በጥድፊያ። አዘጋጁ አያየውም።

«እናቴ፣ የሚኒስትሩ ፎቶ መግለጫ የለውም?»

ገጽ አቀናባሪዋ ቀና ሳትል «ስንት እጅ አለኝ ብለሽ ነው? ነይ ጻፊልኝ» አለቻት።

መርፌ ጻፈች። «ሚኒስትሩ በአዳራሹ የተቀዛቀዘ አቀባበል ሲደረግላቸው።»

«ጽሑፉ ‹ሞቅ ያለ› ይላል እኮ፣ ልጄ።»

መርፌ ቃሉን አልነካችም።

«ለምንድን ነው የማታርሚው?»

«አይጠይቁኝ።»

ሴትዮዋ በሩን አየች። መርፌን አየች።

«ዛሬስ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ» አለች፤ መነጽሯን ከዓይኗ አውልቃ ገጹን ወደ ማተሚያ ቤት ላከችው።

መርፌ በጓሮ በር ወጣች። የእናቷን ቤት አጎት ያውቀዋል። ስልኳን ቦይ ውስጥ ጥላ ከአንድ ሱቅ ደወለች።

«እማዬ፣ ልጄን ይዘሽ አክስቴ ጋ ሂጂ። አሁን።»

«ምን መጣብን?»

«አሁን፣ እማዬ!»

«ፀጉሯን ፈትታ እየጠበቀችሽ ነው። አንቺ እንድትሠሪያት።»



«አንቺ ሥሪያት።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የአገር አቋራጩ አውቶብስ ፌርማታውን አለፈ። መርፌ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ በመስኮቱ አየች። ሁለቱ ሰዎች አሁንም ቆመዋል። አንደኛው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ማንም አልመጣም።

ከአንድ ቀን በኋላ በሌላ ከተማ መናኸሪያ ጋዜጣውን ገዛች። ገጽ ሦስት፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል፦

«ትናንት በፎቶ መግለጫችን ‹የተቀዛቀዘ› የተባለው ‹ሞቅ ያለ› ተብሎ ይታረም። ለስህተቱ ተጠያቂ የሆነችው ገጽ አቀናባሪ በሕግ ጥላ ሥር ውላለች።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጋዜጣውን አጣጥፋ አግዳሚው ላይ ተወችው።

«እህት፣ ረስተሻል!» አላት አንድ ሰው።

«የኔ አይደለም» አለችና ሻንጣ ከያዘው ሕዝብ ጋር ተቀላቀለች።