ኮትና ሱሪ

«እንዳትነኪው! ስንት መከራ አይቼ ያስተካከልኩትን!» አለ ሮኬት፣ የጓደኛውን እጅ ከኪቦርዱ ላይ ገፋ አድርጎ።

ሮኬት የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ሁሉን በጥድፊያ ስለሚሠራ ነው፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል። ሁለቱ ጓደኛሞች ለዛሬው የተማሪዎች ጉዞ ለትምህርት ቤቱ ነርስ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሠሩ ነበር። በአንዱ ሠንጠረዥ ላይ የተማሪው ቁጥርና ስም፣ በሌላው ላይ ቁጥሩና ለጤናው የማይስማማው ነገር አለ። ፕሮግራሙ ሁለቱን አገናኝቶ አንድ ዝርዝር ማውጣት አለበት። ትናንት ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ሲበረብር ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ አመሸ።

ዛሬ ልጅቷ ስትነካው ግን ፕሮግራሙ ዝርዝሩን በዓይን ጥቅሻ አወጣው። ደስ ብሏት የታናሽ ወንድሟን ስም ፈለገች። ማሙሽ ለጉዞው የተመዘገበው ዛሬ ጠዋት ነው። ንብ ከነደፈችው ጉሮሮው ያብጣል፤ ጉዞው ደግሞ ወደ ጫካ ነው።

ስሙ የለም። አብረውት የተመዘገቡት ልጆችም የሉም።

ክው አለች። «ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሲፈጭ አድሮ ያወጣውን ዝርዝር ነው አይደል አስቀምጠህ የምታሳየኝ?»

«አቦ አታካብጂ! ማን ያውቃል?»

«እኔ ነግሬህ ነበር። አክስቴ እንደምትሠራው...»

«ኮምፒውተር ላውንደሪ ነው እንዴ?»

አክስቷ ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች። የአንድ ደንበኛ ኮትና ሱሪ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፍበትና ለየብቻ ይታጠባል። አክስቷ አንድ ኮት ይዛ የሱሪ ክምር ስትበረብር አትውልም። ሁለቱንም በቁጥር ቅደም ተከተል ትሰቅልና በመካከላቸው አንዴ ብቻ ታልፋለች፤ በአንድ እጇ ኮቱን፣ በሌላው ሱሪውን እያገላበጠች፣ ወደኋላ ሳትመለስ።

በሩ ተከፈተ። «ልጆቼ፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቷል። ዝርዝሩ ደረሰ?» አለች ነርሷ።

«ደርሷል ሲስተር!» አለ ሮኬት።

ልጅቷ ለነርሷ የማሙሽን ብቻ በጆሮዋ ሹክ ብትላት ሮኬት አይዋረድም፤ እሷም ጓደኛዋን አታጣም። ማሙሽም ይተርፋል። የሌሎቹ ልጆች እህቶች ግን እዚህ የሉም።

«አልደረሰም፣ ሲስተር» አለች። «ይኼ የትናንቱ ነው። የዛሬዎቹ የሉበትም። አውቶቡሱ ትንሽ ይጠብቀን።»

ነርሷ ሁለቱንም አየቻቸውና ሾፌሩን ለማስቆም እየሮጠች ወጣች። ሮኬት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ልጅቷ ቀና ብላ አላየችውም፤ ወንበሯን ስባ የተማሪዎቹን ሠንጠረዥ በቁጥር መደርደር ጀመረች።

ከአፍታ በኋላ ሌላ ወንበር ሲጎተት ሰማች።

«ኮቱን እኔ ልያዝ?» አለ ሮኬት፣ ቀስ ብሎ።

«ኮቱን ይዤዋለሁ» አለችው። «አንተ ሱሪውን ደርድር።»